ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሙሽራ

ቅዳሜ፣ ጥር 16 (ደሴ)

አስለቀሰኝ ብል ውሸት ነው፤ አናደደኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ወንበሩ ላይ ስቁነጠነጥ ቆይቼ ወጣሁ። ሰዓዳ "አብሽሪ፣ ፊልም ነው እኮ!" አለችኝ። ፊልም ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት።

አሁን የሰዓዳ አክስት ቤት ነን። ሰዓዳ እኛው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምር ጓደኛዬ ናት። እሷ መግሪብ እየሰገደች ነው፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ካልጻፍኩት ነገ መኪና ውስጥ አፌን ይበላኛል፤ የሷም ጆሮ ከወዲሁ ሰልችቶታል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ዳይሬክተሩ ይርጋ ከዚህ በፊት የሠራቸውን አራቱንም ፊልሞች አይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለን፣ ዶርም ውስጥ፣ ስድስት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ላይ ተደራርበን። ሁለተኛውን አምስት ጊዜ ሳላየው አልቀርም። አንዲት ሴት ለቅሶ ደርሳ ስትወጣ ጫማዋ ተቀይሮባታል፤ በሰው ጫማ፣ አንዱ እግሯ ላይ እየወለቀባት፣ ከተማውን አቋርጣ ቤቷ ትገባለች። ፊልሙ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ግን ለቅሶ ቤቱ ለቅሶ ቤት ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አንገታቸው ላይ አድርገው፣ አንዷ ንፍጧን በጫፉ ስትጠርግ ሁሉ ይታያል። "ይሄ ሰውዬ ያውቀናል" ብዬ ነበር ያኔ።

ካቻምና ይሄን አምስተኛውን፣ ታሪካዊውን፣ ሊሠራ እኛው አገር መጣ። የፈረሱን ግልቢያ አጅባር ሜዳ ላይ ቀረጹት፣ ሰርጉን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለው መስክ ላይ። ደም የተቃቡ ሁለት የባላባት ቤቶች ልጅ ለልጅ ተዳርተው የሚታረቁበት ታሪክ ነው። አባባ የድጓ መምህር ናቸው፤ የድሮውን ሥርዓት ከመርጌታ ጥበቡ በላይ የሚያውቅ የለም ብለውት ይርጋ ራሱ እቤታችን ድረስ መጣ። ሦስት ቀን ደብተር ይዞ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ሙሽራዋን የምትጫወተውን ልጅ ያለበሰቻት ደግሞ እማዬ ናት።

አዲስ ነጠላ ይዘው ነበር የመጡት፣ እጥፋቱ እንኳን ያልለቀቀ። እማዬ አየት አደረገችውና "ይሄን ለብሳ ነው እንዴ የባላባት ልጅ የምትዳረው!" ብላ ሳጥኗን ከፈተች። የራሷን አወጣች። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ነው፣ መሃል መሃሉን ቀያይ አበባ አለው፤ አንዱ ጥግ ላይ ሸማኔው አንዷን አበባ ረስቷታል። ስለዚያች ስለጎደለች አበባ እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ሸማኔውን ስትራገም ኖራለች፤ ነጠላውን ግን ለማንም አውሳ አታውቅም። ለይርጋ ሰጠችው። "ሲጨርሱ ይመልሱልኛል" አለች።

አምና በጥር ሞተች። ነጠላው አዲስ አበባ እንደሄደ ቀረ።

እንግዲህ እኔ ዛሬ ሲኒማ ቤት የገባሁት ለይርጋ ብቻ አልነበረም። የእማዬን የእጅ ሥራ ለማየት ነው። ያቺን ልጅ አቁማ፣ ዞር በይ ቀና በይ እያለች፣ ጥለቱን ወደ ታች ለቃ፣ በግራ ትከሻዋ ላይ አጣፍታ ስታስተካክልላት አጠገቧ ነበርኩ። እሷን ባላገኛት የሠራችውን አገኛለሁ ብዬ።

ሰርጉ ደረሰ። ሙሽራዋ ከድንኳኑ ወጣች። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ፊቷ ቀረበ። ሰዓዳ ክንዴን ያዝ አደረገችና "አስካል፣ ልክ እንዳንቺ ነው እኮ የለበሰችው" አለችኝ በሹክሹክታ።

እውነቷን ነው። ራሴን አየሁ። እኔ ዓመት ሊሞላኝ ስምንት ቀን የቀረኝ ሐዘንተኛ ነኝ፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥለቱ ወደ ላይ የዞረ ነጠላ። ሙሽራዋም የእማዬን ነጠላ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ፊቷ ዙሪያ አድርጋ፣ እየሳቀች ቆማለች። የጎደለችው አበባ ጉንጯ ጎን ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ በቅጡ አላየሁም። በመጨረሻ ስሞቹ ሲያልፉ ግን ዓይኔን ተክዬ ጠበቅኩ። "የአለባበስና የሥርዓት አማካሪ፦ መርጌታ ጥበቡ" ይላል። የእማዬ ስም፣ ዘነቡ የሚል፣ የለም። በአባባ ስም ሙሽራ አዘቅዝቃ ተዳረች።

እሑድ፣ ጥር 17

አቀስታ ላይ መኪናው ጎማ ቀየረ። ብርዱ ለጉድ ነው። ሰዓዳ ጋቢዋን አካፈለችኝ፣ ሁለታችን አንድ ሰው መስለን ቆምን።

መንገዱን ሙሉ ለአባባ ምን ልበላቸው ስል ነበር። እማዬ ከሞተች ጀምሮ ሰውየው ተቀይረዋል። ያስተምራሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ፣ ዝም። ዓመቱን ሙሉ ከአፋቸው በራሳቸው ፈቃድ የወጣ ወሬ ቢኖር "ያ ፊልም አልደረሰም?" የሚለው ነው። ሳምንት በሳምንት። ፊልም አይተው የማያውቁ ሰው!

በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ፦ "እሺ? የእናትሽ ነጠላ እንዴት ሆነ?"

"ያምራል አባባ። ልክ እማዬ እንዳለበሰቻት" አልኩ።

አመለጠኝ፣ በቃ። ማሰቢያ ጊዜ እንኳን አልነበረኝም። ፊታቸው ሲፈታ አየሁት። "ጥለቱን እንዴት አድርጋ ለቀቀችው?" አሉኝ፣ እሱንም ነገርኳቸው። ፊልሙ ላይ ያላየሁትን፣ ካቻምና መስክ ላይ ያየሁትን። "ሎሌዎቹስ? አደግድገዋል?" አሉ። አዎ አልኩ። አንዴ ከጀመሩት አይቆምም ለካ።

ሳያስቡት ፈገግ አሉና ድጓቸውን ከፈቱ። እኔ ጓዳ ገብቼ በሩ ላይ ተደግፌ ቆምኩ።

ሰኞ፣ ጥር 18

መዓት መጣ። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶኝ ሐሙስ፣ ለማርያም በዓል፣ ፊልሙ በከተማው አዳራሽ በነጻ ሊታይ ነው አለ። ይርጋ ራሱ ይመጣል። የአገሬውን ሕዝብ ለማመስገን። የምስጋና ንግግሩን የማደርገው ደግሞ እኔ ነኝ፤ የታሪክ መምህር ነኝ፣ የመርጌታም ልጅ ነኝ፣ ሰውየውንም እንደማደንቅ አገር ያውቃል። "አሳምረሽ ጻፊው" አለኝ።

ቤት ስደርስ አባባ ሰምተዋል። ተማሪዎቻቸው ነግረዋቸዋል። "እንግዲያውስ እኔም እሄዳለሁ" አሉ። "ጥምጥሜን እንደጠመጠምኩ ፊልም ቤት ልገባ ነው፤ እናትሽ ብታየኝ ትስቅ ነበር።"

ሦስት ቀን አለኝ።

ሃምሳ ሁለት የፈተና ወረቀት ሳይታረም ተቀምጧል። አንዱን አንስቼ ጀርባው ላይ የፊልሙን ጥፋት ስዘረዝር ራሴን ያዝኩት። የልጁን ወረቀት አበላሸሁበት፣ እዚህ ልገልብጠው፦

ልብሱ ሁሉ አዲስ ነው። ካባው፣ በርኖሱ፣ ሱሪው። ሦስት ቀን በፈረስ የመጣ መልእክተኛ ላይ የአቧራ ምልክት የለም።

ሎሌዎቹ ጌታቸው ፊት ጋቢ ተከናንበው ይቆማሉ። አባባ በዚህ ጉዳይ ብቻ ግማሽ ቀን አስተምረውታል፦ ጌታ ፊት የሚቆም ሰው ያደግድጋል፣ ኩታውን ወገቡ ላይ ይታጠቃል፣ ተከናንቦ አይቆምም። ይርጋ ሲጽፍ አይቻለሁ። ሥሩን ሁሉ አስምሮበት ነበር።

ገደሉ አምስት ጊዜ ከላይ ታየ። ያምራል፣ አውቃለሁ፣ አገሬ ነው። አምስት ጊዜ ግን ምን ይሠራል?

ሙዚቃው አያርፍም። ሰው ውኃ ሲጠጣም ከበሮ ይመታል።

ማንም ምንም አይበላም። የሰርግ ፊልም ነው እኮ!

እና ዋናው። እሱን አልጽፈውም።

ያ ጫማ የተቀየረባት ሴት ፊልም በሁለት ክፍል ቤትና በአንድ መንገድ ተሠርቶ አልነበር? ሁሉ ነገር ሲሟላለት ምን ነካው?

ማክሰኞ፣ ጥር 19

በእረፍት ሰዓት ለሰብለ ደወልኩ። ሰብለ የፊልሙ ልብስ ኃላፊ ነበረች፤ ካቻምና ሁለት ሳምንት እኛ ቤት ስትመላለስ እማዬን "እናቴ" ትላት ነበር። ጥፋቱ የኛ ቢሆንስ ብዬ ነው የደወልኩት። እማዬ ያለችውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ለለቅሶው ትዕይንት "ጥለቱ ወደ ላይ"፣ ለሰርጉ "ጥለቱ ወደ ታች"። አገላብጬ ጽፌ ከሆነስ? ትናንት ሌሊቱን በዚህ ስብሰለሰል ነው ያነጋሁት።

"አንቺ አይደለሽም" አለችኝ ገና ሳልጨርስ። "እናቴም አይደለችም፣ ነፍሷን ይማር። እሷ እንዳለበሰቻት ነው ከድንኳን የወጣችው። ይርጋ ካሜራው ውስጥ አየና 'ጥለቱን ወደ ፊቷ አምጡልኝ፣ ወርቁ ፊቷን ያብራላት' አለ። እኔ ነግሬዋለሁ አስካል፣ በማርያም። ይሄ የሐዘን ነው አልኩት።"

"ምን አለ?"

ድምጿን ዝቅ አደረገች፦ "'ማን ያውቃል?' አለ።"

ስልኩን ይዤ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆምኩ። ማን ያውቃል! ያንን ያህል ያደነቅኩት ሰው። የጫማዋን ሴት የሠራው ሰው። አለማወቅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቆይ፣ እማዬ የት ነበረች ያን ጊዜ? ያኔውኑ ትዝ አለኝ፦ ካለበሰቻት በኋላ ጉልበቷን አሟት ወደ ቤት መልሼያት ነበር። ሲቀየር አላየችም። ተመስገን።

ሰብለ ነጠላው ዕቃ ቤት እንዳለና ይርጋ ሲመጣ እንዲያመጣው እንደምታደርግ ነገረችኝ። "ዓመት ሙሉ አለመመለሴ የኔ ጥፋት ነው፣ ይቅር በይኝ" አለች። ይቅር አልኳት። እሷ ምን አደረገች።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ነገርኳቸው።

ከሰርክ ጸሎት ሲመለሱ ጠበቅኳቸውና ገና ከመቀመጣቸው "አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ" አልኩ። ቀስ ብዬ ብጀምር ሐሙስ እስኪያልፍ እንደማልጨርሰው አውቀዋለሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማዘቅዘቁን፣ ሎሌዎቹን፣ የሰብለን ስልክ፣ "ማን ያውቃል"ንም።

ፊልሙ ያናድዳቸዋል ብዬ ነበር። የተናደዱት በኔ ነው።

"ለኔ ነው የምትዋሺው? ለኔ?"

"ደስ ሲልዎት አየሁና..."

"ደስ ሲለኝ አየሽና! አሁንስ? አሁን ምን አየሽ?" ጥምጥማቸውን አወለቁት። ሲቆጡ የሚያደርጉት ነው፣ ጭንቅላታቸው ይሞቃቸዋል። "እናትሽ ብትኖር ምን ትልሽ ነበር?"

"ምላስሽ ይቆረጥ ትለኝ ነበር።"

አፋቸውን ያዝ አደረጉ። ሊስቁ ነበር፣ አውቃለሁ፤ ግን አልሳቁልኝም። "ይቀሩ ይሆን ነገ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እሄዳለሁ። ባንቺ ዓይን አየሁት፣ አልሆነም። በራሴ ዓይን ልየው።"

እራታቸውን ከኔ ጋር አልበሉም። ግን ጓዳ ስገባ "ንግግርሽን ጻፍሽ?" አሉኝ። አልጻፍኩም አልኩ። "ደግ አደረግሽ" አሉ።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ ማርያም

አሁን ገና መግባታችን ነው።

ከንግሥ የተመለሰው ሰው ሁሉ አዳራሹን ሞላው። መስኮቶቹን በአንሶላ ጋርደዋቸዋል። ፊት ላይ እናቶች፣ ከነሱ ጀርባ ካህናቱ፣ አባባ ከኔ ጎን። ይርጋ ከባለሥልጣኖቹ ጋር ዳር ላይ ተቀምጧል። ሸብቷል። እቤታችን ሲመጣ ይሄን ያህል ሽበት አልነበረውም።

መጀመሪያ ላይ ፌሽታ ነበር። በፊልሙ ከባላባቱ አጃቢዎች አንዱ የሆኑት ጎረቤታችን ጋሽ አረጋ ከጀርባቸው ሁለት ሰከንድ ታዩ። ሚስታቸው "ያውና! ማጅራቱ!" ብላ ጮኸች፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ገደሉ ሲታይ ተጨበጨበ። ሎሌዎቹ ተከናንበው ሲቆሙ አባባ "ህም" አሉ። ሌላ አላሉም።

ሰርጉ ደረሰ። ሙሽራዋ ወጣች።

ካሜራው ቀረበ፣ ጥለቱ ፊቷን ከቦ አብረቀረቀ። ከፊት ወንበር የእማዬ ባልንጀራ እትዬ ሙሉ ከፍ ባለ ድምፅ፦

"ውይ በሞትኩት! ማን ሞቶባት ነው?"

ተማሪዎቼ ሳቁ። እናቶቹ ግን የምራቸውን ነው። "አባቷ ይሆናሉ" አለች አንዷ። "በሰርጓ ቀን መርዶ? ኧረ ምን ዓይነት አገር ነው!" አለች ሌላዋ። ያቺ ልጅ ደግሞ ፊልሙ ላይ ፈገግ አለች። "ምን ያስቃታል እሷን!" ተባለች። ፊልሙን ዕድሜ ልካቸውን እንደሚያውቁት አድርገው፣ ሙሽራዋ ሐዘኗን ደብቃ እየተዳረች ነው ብለው ታሪክ ሠሩለት። እኔም እየፈራሁ ሳቄ መጣ።

ያን ጊዜ እትዬ ሙሉ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። "ቆዩ እስቲ። ያቺ አበባ... ሸማኔው የረሳት። የዘነቡ ነጠላ አይደለም እንዴ?"

"የዘነቡ ነው!"

"የዘነቡ ነው በማርያም!"

ሳቁ ቆመ። እትዬ ሙሉ ደረቷን መታች፣ አንድ ጊዜ። "ዘነቤ!" አለች። ከዚያ ወንበሩ በሙሉ ተያያዘው። ሸራው ላይ እልልታ ነው፣ ከበሮ ነው፣ ፈረስ ይጋልባል፤ አዳራሹ ውስጥ ለቅሶ። ሴቶቹ አንዷ ሌላዋን እያየች ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እኔ የመጣልኝን እንባ መያዝ አልቻልኩም። ዓመት ሙሉ እንዲህ አላለቀስኩም።

አባባ ፊታቸውን ከሸራው ሳያነሡ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "ልክ ነው እንግዲህ፤ ያለበሰቻት ሞታለች" አሉ።

ፊልሙ አለቀ፣ መብራት በራ። ይርጋ መድረክ ላይ ወጣ። ዓይኑ እንባ ሞልቶታል። "ይሄ ፊልም ብዙ ቦታ ታይቷል" አለ። "በሰርጉ ትዕይንት እንደናንተ ያለቀሰ ሕዝብ ግን አላየሁም። ልፋቴ ዛሬ ተከፈለኝ" አለ። ይሄን ሲል የምሩን ነበር። ለደቂቃ አሳዘነኝ፣ እግዜር ያሳያችሁ!

ርዕሰ መምህሩ ማይኩን ሰጠኝ። ያልጻፍኩትን ንግግር ላደርግ።

መናገር የፈለግኩት ብዙ ነበር። ስለ ጫማዋ ሴት፣ ስለ ሎሌዎቹ፣ ስለ ከበሮው። አፌ ላይ የመጣው ይሄ ብቻ ነው፦ "ጋሽ ይርጋ፣ እናቶቻችን ለሙሽራዋ አይደለም ያለቀሱት። ነጠላው የናቴ ነው፣ እናቴ ደግሞ ሞታለች። አውቀውት ነው። ሙሽራዋን ሐዘንተኛ ናት ብለው ነው 'ማን ሞቶባት ነው' ያሉት። እናቴ እንዲህ አላለበሰቻትም፤ እርስዎም ያውቃሉ።"

ማይኩን መለስኩ። ርዕሰ መምህሩ "ምነው አስካል!" አለኝ ጥርሱን ነክሶ። ይርጋ መድረኩ ላይ ቆሞ እትዬ ሙሉን ያያል፣ እሷ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። "አመሰግናለሁ" አለና ወረደ።

አባባ ስንወጣ ክንዴን ይዘው ሄዱ። አልተቆጡም። አላመሰገኑኝምም።

ዓርብ፣ ጥር 22

ጠዋት ትምህርት ቤት ግማሹ መምህር ሰላም አላለኝም። እንግዳ አዋረድሽ ነው። ሰዓዳ ብቻ "ወላሂ፣ እኔ ብሆን አፌ ይተሳሰር ነበር" አለችኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ አልገባኝም።

ከሰዓት በኋላ ይርጋ ብቻውን በእግሩ እቤት መጣ። ነጠላውን በላስቲክ ይዟል። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ የሱቅ ሽቶ ይሸታል። እማዬ ብታጥበው ኖሮ የማትጠቀምበት ሳሙና። ተቀብዬው ጓዳ ገባሁ፣ ግን በሩን ገርበብ አደረግኩት፤ ምን አስዋሸኝ፣ ለመስማት ነው።

"አውቅ ነበር መርጌታ" አለ። "ረስቼው አይደለም።"

"ባታውቅ ኖሮ ባልተቀየምኩህ" አሉ አባባ። "ካወቅህ ሦስት ቀን ለምን አደከምከኝ?"

ይርጋ አቀርቅሮ፣ ሰው በዛ፣ ፈረስ በዛ፣ ልብሱ በዛ፣ ምንም ባዝ እሺ የማይለኝ ጠፋ አለ። ድሮ አንድ ሰው "ኧረ እንደዚህ አይደለም" ሲለኝ እቆም ነበር አለ። ጥፋቱን ለማሳነስ ያለው አልመሰለኝም። ብቻ ደክሞታል።

ከዚያ "ስምዎ ሥር የእትዬ ዘነቡን ስም ላስገባ?" ብሎ ጠየቀ።

"የኔን አውጣልኝ። የሷንም እንዳታስገባ። እንዲህ አድርጋ አላለበሰችም።"

"እሺ አባቴ።"

ይሄን ብለው ሲያበቁ ደግሞ "አስካል! ለእንግዳው የጾም ነገር የለሽም?" ብለው ጠሩኝ። ሽሮ አቀረብኩ። በላ። አጎንብሶ፣ እንደ ልጅ። የቀኝ ጫማው ክር ተፈትቶ ነበር። ልነግረው ብዬ ተውኩት።

ይቅር አልኩት ወይ? እንጃ። ያቺን ጫማ የተቀየረባትን ሴት አሁንም እወዳታለሁ። ስድስተኛ ፊልም ቢሠራ ደሴ ድረስ እሄዳለሁ? ይሄንንም እንጃ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ለነገ ሙት ዓመት ጉድ ጉድ። እትዬ ሙሉ ከጠዋት ጀምሮ እኛ ቤት ናት፤ እኔን እያዘዘች፣ ሰዓዳን እያዘዘች። መጻፊያ ጊዜ የለም። የእማዬን ነጠላ ሽቶው እንዲለቅ ገመድ ላይ አሰጣሁት፣ ንፋሱ ሲያወዛውዘው ዋለ።

እሑድ፣ ጥር 24

አለቀ። ጸሎቱ በሰላም ሆነ። ሰው በልቶ ጠጥቶ መርቆ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሙሉ ጓዳ አስገብታ ጥቁሬን አስወለቀችኝ። "በቃ፣ ዓመት ሞላሽ፣ ከእንግዲህ ለራሷም ደግ አይደለም" አለች። ነጩን ቀሚሴን ለበስኩ። ሰውነቴ ቀለለኝ፣ ብርድም ገባኝ። ከዚያ የእማዬን ነጠላ ከገመድ አውርጄ ለብሼ ወጣሁ።

አባባ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ዓይናቸው አንገቴ ላይ ቆመ።

"ማን ሞቶብሽ ነው?" አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥለቱ ወደ ላይ ነው። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲያደርግ የኖረ እጄ፣ ሳልነግረው፣ የእማዬን ነጠላ አዘቅዝቆ አልብሶኛል። በዚያ ሰው ላይ ያንን ሁሉ ያወረድኩት እኔ! ደንግጬ ቀና ስል አባባ ይስቃሉ። ድምፅ አውጥተው፣ ትከሻቸው እየተነቀነቀ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ሲስቁ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ሳቅኩ፣ እትዬ ሙሉ "ምን አገኛችሁ?" እያለች ከጓዳ ወጣች።

ተነሥተው መጡ። ነጠላውን ከትከሻዬ አንስተው ገለበጡት። የሰውን ሁሉ አለባበስ የሚያስተምሩት ሰውዬ የሴት ነጠላ አልብሰው አያውቁም፤ እጃቸው ተንተባተበ፣ አንዱ ጫፍ ወደቀ፣ አነሡት። ጥለቱን ወደ ታች ለቀቁት፣ በግራ ትከሻዬ ላይ አጣፉልኝ። የጎደለችው አበባ ታች፣ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ሆነች።

"ዞር በይ" አሉኝ። ዞርኩ።

"ቀና በይ።"

ቀና አልኩ።